ካሜራችንን ስላስከፈቱልን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲያችን የተማሪዎች ጉዳይ ዲን
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ ለታታሪዋ ጸሐፊዎም የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እንቅልፍዎ ሰላማዊ፣ ወንበርዎ ምቹ፣ የቢሮዎም በር እንደ ሁልጊዜው በደንብ የሚዘጋ ይሁንልዎ። እኔ የፋርማሲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ እርስዎ በገዛ ፊርማዎ የሾሙኝ የሙስሊም ተማሪዎች የበይነ መረብ የምክር አገልግሎት አስተባባሪ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በቢሮዎ በኩል ሞክሬ ስላልሆነልኝ ነው፤ እንዴት እንዳልሆነልኝም እደርስበታለሁ።

ክቡርነትዎ የማያውቁት ኖሮ አይደለም፣ ለማያውቁ አንባቢዎች ብዬ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። አንዲት የሥነ ልቦና ሐኪምና አንድ ኡስታዝ ከሌላ ከተማ ሆነው በሳምንት አንድ ቀን፣ ከትምህርት በኋላ፣ በኢንተርኔት ያገኙን ነበር። ስም አይጠየቅም፣ ካሜራ አይከፈትም፤ ሁሉም ለራሱ ባወጣው ቅጽል ይገባል። እኔ «ጃንጥላ» ነበርኩ። ሐኪሟ በየተራ እንዴት ሰነበታችሁ ስትለን እኛም እንዳደግንበት አልሐምዱሊላህ እንላለን። እሷ ግን በዚያ አትለቀንም፤ «ደግ፣ ምስጋናው ለአላህ ይድረስ፤ ከአልሐምዱሊላህ ቀጥሎስ?» ትላለች። ሰው እውነቱን የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነበር።

የእኔው እውነት ወስዋስ ነው። ለሶላት ውዱእ ሳደርግ የታጠብኩት እጅ ያልታጠበ ይመስለኛል፤ ክርኔ ደርቆ የቀረ፣ ኒያዬን፣ በልቤ የማስበውን ሐሳብ፣ የረሳሁ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ ደግሞም እጀምራለሁ። ሰው ሁሉ ሰግዶ፣ በልቶ፣ ክፍል ገብቶ እኔ ከቧንቧው ሥር ነኝ። የግቢው አማካሪ ለጊዜው ሶላቱን ተይው አሉኝ፤ እናቴ በስልክ ቁርኣን አብዢ፣ ይለቅሻል አለችኝ። ሁለቱም አዝነውልኝ ነው፤ ሁለቱም ግን ወደ ቧንቧው መለሱኝ። ኡስታዙ ሲሰሙ ያሉኝ ሌላ ነው፦ «ልጄ፣ ሦስት ጊዜ ታጥበሽ ተነሺ፤ ብትጠራጠሪም ተነሺ። ጎደለ ካልሽ ጉድለቱ በእኔ ይሁን።» ሐኪሟም እንዴት ከነጥርጣሬዬ ቧንቧውን ዘግቼ እንደምሄድ በየሳምንቱ ታለማምደኝ ጀመር። እየተጠራጠርኩ፣ ግን እየተነሳሁ ነበር።

ይህን መልካም ሥራ ክቡርነትዎ ከሩቅ ሰምተው ወደዱት። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ያደረጉልንን ሁሉ በቁጥር ላስቀምጥ፤ ምስጋና ሲድበሰበስ አልወድም።

አንደኛ፤ ማንም እንዳይዘነጋ ብለው ስብሰባውን በዩኒቨርሲቲው መለያ የሚገባበት አደረጉልን። ስለዚህ አሁን ከእያንዳንዳችን ፊት ሥር ስማችን፣ የአባታችን ስም፣ የትምህርት ክፍላችንና የመኝታ ሕንፃችን በጉልህ ተጽፎ ይታያል። ካሜራም የግድ ይከፈታል፤ መመሪያው እንደሚለው ግልጽነት የጤና መሠረት ነውና። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ከእኔ አልጋ ትይዩ ባለው አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በስልኳ ታየኛለች፤ እኔም በስልኬ አያታለሁ፤ ሁለታችንም በጣም ደህና ነን።

ሁለተኛ፤ በግቢው ያለን ሙስሊም ተማሪዎች በሙሉ እንድንገኝ፣ የቀረም እንዲጠየቅ አዘዙ፤ አንድ ተወካይዎም ሁልጊዜ አብረውን ይቀመጣሉ። ሐኪሟ እንደ ወትሮዋ ከአልሐምዱሊላህ ቀጥሎስ ብላ ስትጠይቅ፣ ተወካይዎ ተማሪው እንዳይጨነቅ ብለው ቶሎ «እናመሰግናለን፣ ቀጣይ» ይላሉ። እንዲህ ቀጣይ፣ ቀጣይ እየተባለ ሁላችንም በአንድ ቃል ተጀምረን በአንድ ቃል እናልቃለን። ከዚያ ቢሮዎ ተሳታፊዎች በሙሉ በመልካም የሥነ ልቦና ሁኔታ ላይ እንደሚገኙ ለበላይ አካል ሪፖርት ያደርጋል። እንኳን ደስ ያለዎ። ያንን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ የሚያድን መድኃኒት እኛ ፋርማሲ ክፍል ገና አላስተማሩንም።

ሦስተኛ፤ ሌላ ቦታ ሄደን እንዳንደክም በማሰብ፣ ከዚህ ውጭ የሚደረግ ማንኛውም የበይነ መረብ ስብሰባ ያልተፈቀደ ነው የሚል ማስታወቂያ በየሕንፃው በር ላይ ለጠፉልን። ለዚህ የምጨምረው ቃል የለኝም።

አራተኛ፤ እኔን መሾምዎ። ለአስተባባሪነት አርአያ የምትሆን ተማሪ ትጠቆም ሲባል የሕንፃችን ልጆች በአንድ አፍ እኔን አሉ። ምክንያታቸውን ስጠይቅ አንዷ «አንቺ ቧንቧ ሥር የምትቆዪውን ያህል እኛ ሶላት ላይ ብንቆም ኖሮ ጀነት በገባን ነበር» አለችኝ። ሕመሜን ለዒባዳ፣ ለአምልኮ ትጋት፣ ወሰዱልኝ። የለም፣ ታምሜ ነው እንዳልል፣ መናገሪያው ቦታ ያው እርስዎ ካሜራ ያስከፈቱበት ቦታ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ዝምታዬን ትሕትና አሉት። ጨነቀኝ፤ ፈረምኩ።

ከዚያም የሕዝብ ግንኙነት ባልደረባዎ ለአገልግሎቱ ማስተዋወቂያ ውዱእ ስታደርጊ ላንሳሽ ብሎ መጣ። ታጠብኩ። «እህቴ፣ ብርሃኑ አልወጣልንም፤ እስቲ አንዴ ድገሚልን» አለ። ደገምኩ። ውሃው ከክርንሽ ሲወርድ አልታየም ብሎ እንደገና አስጀመረኝ። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ግቢ ውስጥ ድገሚ ሊባል የማይገባው አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ሥራውን ነው የሠራው፤ አመስግኖኝ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። የወራት ልምምዴ በአንድ ከሰዓት ፈረሰ፤ ዛሬ ቤተ ሙከራ ስገባ የተሰነጣጠቀው እጄ ጓንት ውስጥ ያቃጥለኛል። ፎቶው ግን ተዋጥቶለታል። «ንጹሕ ልብ፣ ጤናማ አእምሮ» ተብሎ በትልቁ ታትሞ ከመታጠቢያ ቤታችን በር ላይ ተሰቅሏል፤ ስገባም ስወጣም እዚያው እየታጠብኩ አገኘኛለሁ።

አምስተኛውን ለመጻፍ ከሁሉም ይልቅ ከብዶኛል፤ ስለ እኔ አይደለምና። በዚያ በድሮው ስብሰባችን «ሎሚ» የሚባል አንድ ልጅ ነበር። ድምፁን እንጂ መልኩን አላውቅም። አባቱ ከሞተ ወዲህ መስገድ አቅቶታል። ጓደኞቹ ለሶላት ሲነሱ አብሮ ይነሳል፤ ከዚያ ተነጥሎ ሕንፃውን ዞሮ ይመለሳል፤ አላህ ይቀበልህ ሲሉት ኣሚን ይላል። ይህን የነገረን ብዙ ሳምንት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ ነው፤ አንዳንድ ቀን ባልነቃ ይሻለኝ ነበር ያለንም ያን ዕለት ነው። ኡስታዙ አልተቆጡትም። «በርታ አልልህም፤ ነገ ሕንፃውን ስትዞር ለአባትህ አንድ ቃል ዱዓ አድርግ፤ ያችው ትበቃለች» አሉት። ሐኪሟም ከስብሰባው በኋላ ብቻውን ታነጋግረው ጀመር። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ቃል ሆነልኝ አለን፤ እኔም ብቻዬን በተቀመጥኩበት አለቀስኩ።

እንግዲህ መቅረት ያስጠይቃል ብለዋልና ሎሚም ከእኛው ጋር አለ ማለት ነው። ከነዚያ ትንንሽ ሳጥኖች በአንዱ ውስጥ፣ ከነስሙ፣ ከነአባቱ ስም፣ አብረውት ወደ ሶላት የሚነሱት ልጆች እያዩት ተቀምጧል። እኔ አስተባባሪዋ ስም እየጠራሁ ፊት ለፊት አየዋለሁ፣ ግን አላውቀውም፤ ሁሉም አንድ ቃል ብቻ ስለሚል በድምፁም አልለየውም። ተራው ሲደርስ አልሐምዱሊላህ ይላል፤ ተወካይዎም ቀጣይ ይላሉ። እፈራለሁ። አንድ ቀን ስም ስጠራ አንድ ሳጥን ባዶ ሆኖ እንዳላገኝ እፈራለሁ፤ ይህን ያለ ምንም ቀልድ ነው የምጽፍልዎ።

በዚህ ምክንያት ከኃላፊነቴ እንድነሳ አመለከትኩ። ጸሐፊዎ በትሕትና እንዳስረዱኝ፣ አስተባባሪ የሚነሳው በጤና ምክንያት ብቻ ነው፤ የጤና ምክንያት ከግቢው አማካሪ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ማስረጃው ገቢ የሚሆነው ለእርስዎ ቢሮ ነው፤ መታመሟ በማስረጃ የተረጋገጠ ተማሪ ደግሞ በመመሪያዎ መሠረት ከተወካይዎ ጋር ተጨማሪ ስብሰባ ይያዝላታል። በአንዱ በር ብወጣ በሌላው በር እገባለሁ፤ ክፍሉ ያው አንድ ክፍል ነው። ሐኪሟና ኡስታዙም ጥለውን እንዳይሄዱ እኛ አሳዘንናቸው፤ እንዳይሠሩ እርስዎ አሉ። ሁላችንም በእርስዎ ድጋፍ ተደግፈን መላወሻ አጥተናል።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድጋፍዎን ያንሱልን። በጀት አንጠይቅም፣ አዳራሽ አንጠይቅም። መለያውን፣ ካሜራውንና ተወካይዎን መልሰው ይውሰዱና በሳምንት አንዲት ሰዓት ማንም የማያውቀን ሰዎች እንድንሆን ይተዉን። ማስረጃ ያስፈልጋል ለተባለውም ይኸው በአደባባይ አቅርቤያለሁ፦ አርአያ ብለው የሰቀሏት ልጅ ታማሚ ናት። ነገ ክፍል ስገባ ምን ዓይነት ዓይን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ፤ እናቴም ከሰው አፍ ልትሰማው ነው። ዝም ብዬ ስም ከመጥራት ግን ይህ ይቀለኛል።

ለሰጡን ትኩረት ሁሉ፣ በተለይም ላልጠየቅነው፣ ከወገብ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ አላህ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእኛ ደግሞ ጥቂት ርቀት እንዲሰጠን የምማጸን፣

ትእዛዝዎን እስከ ዛሬ አክባሪ፣ ከፖስተርዎ መውረድ ያቃታት
አስተባባሪዎ

ማሳሰቢያ፦ ይህን አንብበው ሲጨርሱ የሚሰጡት የመጀመሪያ ትእዛዝ ሎሚ የተባለው ተማሪ ማን እንደሆነ በአስቸኳይ ተጣርቶ ይቅረብልኝ የሚል እንደሚሆን እገምታለሁ። እንዳይደክሙ አስቀድሜ ልንገርዎ፤ እኔ አላውቅም፣ ሐኪሟም አታውቅም፣ ኡስታዙም አያውቁም። ልጁ ይናገር የነበረው ማን እንደሆነ ስለማናውቅ ነው።