አቧራውን የጠረግኩለት ወታደር

ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣ ባለህበት ሰላምህ ይብዛልኝ፤ ክፉ አይንካህ። እኛ ደህና ነን። አባትህ ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ ለእረፍት ይዞኝ ወጣልህ! የሆቴሉ አልጋ ከመስመጡ የተነሳ ጠዋት ጠዋት ጎትቼ ነው የማስነሳው።

ትናንት ስንንሸራሸር የወታደሮች መካነ መቃብር አገኘንና ገባን። አንዱ ድንጋይ ጋ ስደርስ እግሬ አልነሳ አለኝ፤ እንደተጻፈው ከሆነ ልጁ የሞተው ባንተ ዕድሜ ነው። በሻርፔ ጫፍ አቧራውን ስጠርግለት ዘበኛው መጥቶ «እናቱ ነዎት?» አለኝ። «አዎ» አልኩት፤ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ደስታውን ብታይ! «እሱን እኮ ማንም ጠይቆት አያውቅም» ብሎ ወንበር ሊያመጣልኝ ሮጠ። አባትህ በሹክሹክታ «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን ደግሞ መቼ ወለድሽው?» ይለኛል። እየሳቅኩ አለቀስኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ፣ ላንተ እንደማወራው፣ የቤቱን ወሬ ሁሉ ለልጁ አወራሁለት።

ናፍቀኸኛል። ና ብዬ አላስጨንቅህም፤ ሥራህን አውቃለሁ። ፈጣሪ ከሰው ፍቅር አያጉድልህ። አንድ ነገር ብቻ እሺ በለኝ፤ እዚያ አገር የማታውቃት ሴት «ልጄ» ብላ ብትጠራህ፣ ዞር ብለህ «አቤት» በላት።

እናትህ