የጽጽቃ ጉድጓድ በተስፋዬ ስም

ሰቆጣ፣ ሐሙስ፣ ጥር 15

ዛሬ አንድ አዛውንት ከጽጽቃ ወደ ውሃ ቢሯችን መጡ። የውሃ ጉድጓዳቸው ነጥፎባቸው የድሮውን ጥናት ፈልገው ነው። ኮምፒውተሩን ብናስስ ብናስስ አጣነው። እኛ ቢሮ ሰነድ የሚቀመጠው በሠራተኛ ስም በተከፈተ ፎልደር ነው፤ ጥናቱን የሠራው ተስፋዬ ደግሞ ተዛውሮ ሄዷል፤ በፎልደሩ ካሉት ሰነዶች የትኛው የጽጽቃ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ይህንኑ ስነግራቸው፣

«ልጄ፣ ጉድጓዱ የጽጽቃ ነው ወይስ የተስፋዬ?» አሉኝ።

ፊደል ላልቆጠሩት አዛውንት የገባቸው ነገር ለባለ ሁለት ዲግሪው ኃላፊያችን እስካሁን አልገባውም። «በየሰነዱ ላይ ቦታው፣ ጉዳዩና ቀኑ ይጻፍ፤ በአንዱ ብንፈልገው ይገኛል» ብዬ በአንድ ገጽ አቀረብኩለት።

«ይሄማ ከአዲስ አበባ ባለሙያ ይፈልጋል» አለኝ። ድንቄም ኃላፊ!

አዛውንቱ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ኃላፊያችን ግን ሐሳቤን አልጣለውም። በስሜ አዲስ ፎልደር ከፍቶ እዚያ ውስጥ አስቀመጠልኝ።