ስለ ኤሲክሮም የመብራት ግንብና ስለ ተፋቁት መስታወቶቼ

ይድረስ ለክቡር አቶ ክዌሲ ታንዶ፣
የኤሲክሮም ጥንታዊ የመብራት ግንብ የጎብኚዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤናን፣ ዕድሜንና የማያቋርጥ የባሕር ነፋሻ አየርን እመኛለሁ። በተለይ ጉልበትዎ ብርቱ እንዲሆንልኝ አጥብቄ እጸልያለሁ፤ ምክንያቱን ደብዳቤዬ ሲያልቅ ይደርሱበታል።

እኔ ኤኮው ኢሱማን፣ በዚያ ግንብ ላይ ሠላሳ አራት ዓመት መብራት ስጠብቅ ኖሬ፣ መብራቱ ያለ ሰው መብራትና መጥፋት ሲማር የተሰናበትኩ ሽማግሌ ነኝ። በመጪው ማክሰኞ የግንቡ መቶ ሃምሳኛ ዓመት ሲከበር ስድሳ ተማሪዎች ላይኛው ሰገነት ወጥተው እንዲዘምሩ ማዘዝዎን ሰምቻለሁ። ከስድሳዎቹ አንዷ የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጄ አራባ ናት። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፦ ባለፈው ወር እንደ ማንኛውም እንግዳ ተሰልፌ ግንቡን ስለ ጎበኘሁ ምስጋናዬ ይድረስዎ። አስጎብኚዎ ጆጆ ታሪኩን አሳምሮ ሲተርክ፣ "ጠባቂዎቹማ ድሮ ነው የሞቱት፣ ነፍሳቸውን ይማር" ሲል እኔም ከሕዝቡ ጋር "አሜን" አልኩ። ከኋላዬ የነበረችው ዓሣ በጭስ የምታደርቀው ማሜ ኤሲ ግን ነገር አታሳልፍምና፣ "ኧረ ቀስ በል፣ ሟቹ እኮ አጠገብህ ቆመው ላባቸውን ይጠርጋሉ!" ብላ ሰልፉን አሳቀችው። እኔም ስቄያለሁ። ሳቄ ያበቃው ሦስተኛው መስኮት ስንደርስ ነው።

ሁለተኛ፦ በሦስተኛው መስኮት ሥር፣ ባሕሩ በሚመታው በኩል፣ ከእኔ በፊት የነበሩት ጠባቂዎች ያስረከቡኝ ስንጥቅ አለ። በስንጥቁ ላይ ስስ የመስታወት ቁራጭ አጋድመን ሁለቱን ጫፎች በሲሚንቶ እናጣብቅና ቀኑን በምስማር እንጭርበታለን። ግድግዳው ካልተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይኖራል፤ ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል። ሌላ ጥበብ የለውም። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ አራት መስታወት ተሰብሮብኛል። ከተሰናበትኩ በኋላም እየወጣሁ ማየቴን አልተውኩም ነበርና፣ ባለፈው ዓመት ብቻ ሦስት ተሰበረ።

ታዲያ እርስዎ ግንቡን በተረከቡ በሳምንቱ እነዚያን መስታወቶች አይተው፣ በእንግዶች ፊት "የሽማግሌውን መተት ከግድግዳዬ ላይ አንሱልኝ" ማለትዎን ሰምቻለሁ። መስታወቱ ተፋቀ፣ ስንጥቁ ተለሰነ፣ በላዩም ነጭ ቀለም ተቀባ። ለቀለሙ ንጣት አመሰግናለሁ። በቡና ቀለም ቀብተውት ቢሆን ኖሮ፣ ስንጥቁ ልስኑን ቀዶ መውጣቱን በደካማ ዓይኔ ባላየሁት ነበር።

ሦስተኛ፦ በዓሉን ማክሰኞ ስላደረጉት። ማክሰኞ የባሕሩ ቀን እንደሆነ፣ ጀልባ እንደማይወጣ፣ በዳርቻው ከበሮ እንደማይመታ እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቃል። እርስዎ ግን ሕዝቡ ቤቱ የሚገኝበት ቀን ነው ብለው የነሐስ ጥሩምባ ጓድ ጠሩበት። የአጥማጆቹ አለቃ ናና ክዋንሳ ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም። ግንቡን ከእግሩ እስከ አናቱ አዩና፣ "መቼም የባሕሩን ቀን ለባሕሩ ካልተውከው፣ እሱም የመረጠውን ይወስዳል" አሉ። በማግስቱ በግንቡ ሥር ሲያድሩ የኖሩት ጀልባዎች በሙሉ ወደ ወንዙ አፍ ተጎተቱ። ማንም ትእዛዝ አልሰጠም። ሴቶቹም የዓሣ ማድረቂያቸውን አንሥተዋል። አሁን በዚያ ጥላ ሥር ፍየል እንኳ አይተኛም፤ የቀረው የእርስዎ የእንኳን ደህና መጣችሁ ጽሑፍ ብቻ ነው።

አራተኛ፦ ስለ ወንበሮቹ። ትናንት ቅዳሜ ሠራተኞችዎ ወንበር ሲደረድሩ ቆሜ አይቻለሁ። የወላጆች ወንበር ከግንቡ እግር ሥር ነው። የእርስዎ፣ ያ ቀይ ከፋይ የለበሰው፣ ከሁሉ ርቆ ዳስ ሥር ተቀምጧል። ሠራተኛውን ምነው ብዬ ብጠይቀው፣ "አለቃ ፀሐይ አይወዱም፣ አባባ" አለኝ። ግንቡ ሃያ ስምንት ሜትር ነው። ከእግሩ እስከ ወንበርዎ በገመድ ለካሁት፤ ሠላሳ አንድ ሜትር ሆነ። ስንጥቅ የለም ያሉ ሰው ለፀሐይ ይህን ያህል ሲጠነቀቁ ማየት ያስደንቃል።

ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። ይህን በጌጥ መናገር አልችልበትም። አራባ በየምሽቱ መዝሙሯን ስትለማመድ ትቆይና፣ "አያቴ፣ ከላይ ሆኜ እጄን ሳወዛውዝ ታየኛለህ አይደል?" ትለኛለች። አያለሁ እላታለሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ይህ ግንብ ደግሞ እያዘመረ እንዳይወስድብን ሰጋሁ።

ለትዕግሥትዎ፣ ለነጩ ቀለምዎና በሕይወት ሳለሁ ነፍሴን ስላስማሩልኝ ያለኝን ጥልቅ ምስጋና በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሣለሁ።

የእርስዎ ትሑት ሟች፣
ኤኮው ኢሱማን
የቀድሞ መብራት ጠባቂ

ማስታወሻ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለሁለት የተሰበረ መስታወት በጨርቅ ጠቅልዬ ልኬያለሁ፤ እጅዎን እንዳይቆርጥዎ ይጠንቀቁ። ትናንት ጠዋት በአሮጌው ቁልፌ ገብቼ ልስኑን ገፍፌ ያጣበቅሁት ነው፤ የጫርኩበት ቀን ይነበባል። ዛሬ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ስደርስ እንደሚያዩት ሆኖ ጠበቀኝ። በዚያው ቀይ ወንበርዎን ከዳሱ አንሥቼ፣ መቶ አሥራ ሁለቱን ደረጃ በየአሥሩ እያረፍኩ ወጥቼ፣ ሰገነቱ ላይ አራባ ከምትቆምበት አጠገብ በመረብ ገመድ አስሬዋለሁ። የስድሳዎቹ እናቶች ከማሜ ኤሲ ቤት ተሰብስበው ተማምለዋል፤ እርስዎ ሄደው ሳይቀመጡበት አንድም ልጅ የመጀመሪያውን ደረጃ አይረግጥም። መልስ ለመጻፍ አይድከሙ። ማክሰኞ ሁላችንም ከወንዙ አፍ ቆመን ወንበሩን እናያለን።