ጥርሱን የሚያፋጭ ቴንደር

ሰኞ 10/11/2014 (በፈረንጅ)፣ ጠዋት

የማመላልሳቸውን ልጆች ት/ቤት አራግፌ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ፣ ደብተሬ። ትናንት ቴንደሩ፣ የአባዬ ፒክአፕ፣ አዋረደን። ሮቫ ዳሌት ሰፈር፣ የወ/ሮ ትርንጎ ባል አርፈው ድንኳኑንና ወንበሩን ጭነን ደረስን። ወደ ግቢው ለመግባት ነዳጅ ስሰጠው ከፊት ጎማው በኩል ግርርር። ጥርሱን ያፋጫል። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየን። አባዬ አጠገቤ አንገታቸውን ደፉ።

የኛን ሰው የለቅሶ ድንኳን የሚያመላልሱት አባዬ ናቸው፣ ስንት ዘመናቸው። ዐይናቸው ደከመና መሪውን እኔ ያዝኩት እንጂ መኪናውም ሥራውም የሳቸው ነው። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለሳቸው። ይሄ ከቀረ ምን ይቀራቸዋል? ሶፋና ቴሌቪዥን። አይሆንም።

ወንድሜ ሺሞን ደወለ። ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጥ አለ። ድንኳን የሚያከራዩ ሞልተዋል አለ። ዘጋሁበት።

ማክሰኞ 11/11፣ ከ/ሰ

ጋራዥ፣ ሙሳኹ ጋ፣ ወሰድኩት። መካኒኩ አንድ ዙር ነድቶ ተመለሰ፤ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት የፊቱ ዲፈረንሻል አልቆለታል አለኝ። ወይ ሙሉውን መለወጥ ወይ መጣል። እንዲህ ሆኖ ዓመታዊውን ቴስት አያልፍም። ከዚያ ደግሞ ባልሽ ይምጣና ለሱ ላስረዳው አለ። ባል የለኝም፣ ጆሮ አለኝ፣ አልኩት። ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ።

ላንቺ አልደብቅም፣ መኪናው ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ከንዴት ነው። ዐይኔን ስጠርግ አንድ ነገር መጣልኝ። ዲፈረንሻሉ አልቆ ቢሆን አራቱም ጎማ ሲነዳ ይብስበት የለ? ማን ሞከረው? ማንም።

ረቡዕ 12/11

ከሥራ በኋላ ባሕሩ ዳር፣ አሸዋው ላይ። በኋላ ጎማ ብቻ ስነዳው፣ ግርርር። አራቱም እንዲነዱ ሳደርገው፣ ጸጥ። መለስኩት፣ ግርርር። ደገምኩት፣ ጸጥ። ብቻዬን እልል አልኩ። ዓሣ የሚያጠምዱ አንድ ሽማግሌ ዞረው አዩኝ። ይዩኝ።

ገባሽ? የተሰበረ ነገር ሥራ ሲበዛበት ዝም አይልም። የፊት ጎማውን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዘው ጥርስ ነው ነገሩ። አራቱም ሲነዱ ሙሉ ይያዛል፤ በኋላ ጎማ ስሄድ ግን ተላቆ መቀመጥ ሲገባው ግማሹ ተይዞ ይፋተጋል። አላቆ የሚይዘው ደግሞ ሞተሩ በቀጭን የላስቲክ ቱቦ የሚስበው አየር ነው። አየሩ የሆነ ቦታ ያመልጣል ማለት ነው። ነገ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እዳብሰዋለሁ።

ሐሙስ 13/11

አገኘሁት። ከባትሪው ሥር፣ ጥፍር የምታህል ስንጥቅ። ቱቦውን ስነቅለው ውሃ ተንጠባጠበ። ሰሞኑን ዝናብ የለ። ውሃ ከየት መጣ?

ወዲያው ገባኝ። አባዬ ናቸው።

በሳቸው ቤት ከለቅሶ የተመለሰ ሳይታጠብ አይገባም። ሰውም፣ መኪናውም። አገር ቤት ወንዝ ነበረላቸው፤ እዚህ በባልዲ ቀስ እያሉ ያጥቡት ነበር። ዘንድሮ ሺሞን ያን ውሃ የሚተኩስ ማሽን በስጦታ አመጣላቸው። ከዚያ ወዲህ ከለቅሶ በመጣን ቁጥር ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን እስከ ሆድ ዕቃው ይለቁበታል፣ የሞት ነገር እንዳይቀርበት። የደረቀች ላስቲክ እንዴት ትችለው?

ማሽኑን ያመጣው እኮ ሺሞን ነው! ይሸጥ የሚለው ሺሞን። ሳቅሁ፣ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ጠፋ። ያበላሹት እርስዎ ነዎት ብሎ ማን ይነግራቸዋል?

ዓርብ 14/11፣ ሰንበት ሳይገባ

አዲስ ቱቦ ገጠምኩ። ሮቫ ቤት ሰፈርን ዞርኩበት። ጸጥ። በሙሳኹ በር መስኮቴን ከፍቼ ቀስ ብዬ አለፍኩ፣ ይስማ ብዬ።

ቤት ስገባ ሺሞን መጥቷል። አባዬ ምን ሆኖ ነው አሉኝ። ልዋሽ አፌን ከፍቼ ነበር፣ ተውኩት። ልጅ ናቸው እንዴ የሚታለሉ? ነገርኳቸው፤ የማሽኑ ውሃ ነው አልኩ። እጃቸውን ገለባብጠው አዩት፤ አንጀቴን በሉት። ሺሞን ቀበል አድርጎ፣ ታዲያ መታጠቡ ይቅራ፣ ብረት በሞት አይረክስም አለ። ማሽኑን ማን እንዳመጣው አስታወስኩት። ቀላ።

አባዬ ቀና አሉ። "የሞት ቤት ደርሶ የመጣ ይታጠባል። ካልታጠበ አልሳፈርበትም።"

"ይታጠባል አባዬ። በባልዲ።"

"ወገቤ አይታጠፍልኝም፣ ልጄ።"

"የኔ ይታጠፋል።"

ሻሽ የምታክል ጨርቅ አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ፤ የድሮዋ፣ መኪናውን የሚወለውሉባት።

እሑድ 16/11

ማሽኑ በሺሞን መኪና ተጭኖ ሄዷል። ከእንግዲህ ቴንደሩ አይሸጥም፣ ኮፈኑንም ከኔ በቀር ማንም አይከፍትም። ይሄን ላንቺም ለሺሞንም ብያለሁ።

ስልክ። ሮቫ ሄ ሰፈር ሰው አርፏል። ድንኳኑ ተጭኗል፣ ባልዲው ኋላ ላይ ነው። አባዬ ቀድመውኝ ወርደው መኪናው ውስጥ ተቀምጠዋል። ማታ ሺሞንም መጥቶ ያጥባል፤ አልለመንኩትም፣ አዘዝኩት። አቤት ጥሩምባውን ሲነፉብኝ፣ መጣሁ እኮ አባዬ!