በይልቃል መዳፍ ስለተሰካው መንጠቆ

ኦገስት 18 ቀን 2014
ለዌስትብሩክ ፓርክ ሐይቅ አስተዳደር ኃላፊ
ሎስ አንጀለስ

ጉዳዩ፦ በአቶ ይልቃል አምላኩ ላይ የተጣለው እገዳና የድብደባ ውንጀላ እንዲነሣ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ ቀለመወርቅ ዘሪሁን የፌርፋክስ ነዋሪና ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። ይልቃል አገር ቤት ተማሪዬ ነበር፤ ዛሬ ሃምሳ ዓመት አልፎት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል። ባለፈው ቅዳሜ ሁለታችንም የዕለት የዓሣ ማጥመጃ ቲኬት ቆርጠን ሐይቁ ዳር ተቀመጥን። የእኔ ቲኬት ኮፍያዬ ላይ ተሰክቶ ይታይ ነበር።

2. የደረሰኝ ቦታ ፀሐይ ላይ ስለነበር ወደ ይልቃል ሄድኩ። ሲያየኝ «ኖር ጋሼ! እዚህ ጥላ አለ» ብሎ ተነሣና ቦታውንም ዘንጉንም ሰጠኝ። «ቁጭ በል፣ ክፍል ውስጥ አይደለንም» ብዬ ብነግረው አልሰማኝም። ለታላቅ መነሣት ልማዳችን ነው። ከዚያም አጎንብሶ መንጠቆው ላይ ትል ይሰካልኝ ጀመር። የፓርኩ ጥበቃ ከሩቅ ያየው ይህን ነው፤ በአንድ ቲኬት ሁለት ሰው የምናጠምድ መሰለው።

3. መጥቶ ቲኬቴን ሳይጠይቅ ዘንጉን ከእጄ መንጭቆ ጎተተ። መንጠቆው የይልቃል መዳፍ ውስጥ ገባ። ይልቃል ሥጋው እንዳይቀደድ ክሩን በሌላው እጁ ያዘ። ጥበቃው «ልቀቅ!» ይላል፤ ይልቃል «አልችልም፣ እጄን ነው የያዘኝ!» እያለ ይጮኻል። ጥበቃው ሆዱን በጫማ ረገጠው። በዓሣ ማውጫው መረብ የብረት እጀታ አፉን ሲመታው ጥርሱ ወልቆ ከደም ጋር ደረቱ ላይ ወደቀ። ይልቃል ውሃው ውስጥ ከወደቀም በኋላ በዚያው ክር ጎተተው። መዳፉ እስከ አውራ ጣቱ ሥር ተተረተረ፤ ዳር ያለው ውሃ ቀላ። በዚያ ያልፉ የነበሩት ወ/ሮ ቦሰና ግሩም «ኧረ ሰው ገደለ! ተው አንተ ሰውዬ!» ብለው መሐል ባይገቡ ምን ይደርስ እንደነበር አላውቅም።

4. ጥበቃው «ይልቃል በመንጠቆ ሊወጋኝ መጣ» ብሎ ሪፖርት አድርጓል፤ በዚህም ይልቃል ወደ ሐይቁ እንዳይገባ ታግዷል። መንጠቆውን ሐኪም ያወጣው ግን ከይልቃል መዳፍ ነው። ክሩ ዘንጉ ላይ፣ ዘንጉ ጥበቃው እጅ ነበር። ሰው ሊወጋ የመጣ መንጠቆውን በገዛ መዳፉ ቀብሮ ክሩን ለሌላ አያስይዝም።

5. ውንጀላው ለፖሊስ ከተላከ ይልቃል አውቶቡሱን ያጣል፤ ልጆቹን የሚያሳድግበት ሌላ ሥራ የለውም። ስለዚህ ውንጀላውና እገዳው እንዲነሣ፣ እኔና ወ/ሮ ቦሰና ቀርበን እንድንመሰክር፣ ጥበቃውም ስላደረገው እንዲጠየቅ በአክብሮት አመለክታለሁ። የእንግሊዝኛው ትርጉም ተያይዟል።

ትናንት ልጠይቀው ሄጄ ነበር። እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝቷል። በሩ ላይ ሲያየኝ በዚያው በተተረተረው እጁ አልጋውን ተደግፎ ሊነሣ ሞከረ፤ ፋሻው እንደገና ቀላ።

ፍትሐዊ ምላሽዎን እየጠበቅሁ፣ ከሰላምታ ጋር
ቀለመወርቅ ዘሪሁን
(ፊርማ)