የዋሻው ይቅር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 3

ገጠመ! ኩላሊቴ ለእህቴ ገጠመ... ሐኪሙ "ተስማምቷል፣ ግን..." ሲል እኔ ከ"ግን" በፊት ተነስቼ ወጥቻለሁ። ስፌት ቤቱ ሁሉ ሰማ። ቆራጩማ፣ አንቺ ደስ ሲልሽ ኪስ ገልብጠሽ ነው የምትሰፊው፣ ዛሬ ማሽን እንዳትነኪ አለኝ። እውነቱን ነው። ሁለት ኪስ ፈታሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 4

ለእህቴ ነገርኳት። ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣ ቆይ ይሄን በር ልስበር አለች። አብረን በምንጫወተው የቪዲዮ ጨዋታ ላይ እሷ ሁሌ ሌባ፣ እኔ ሁሌ ፈዋሽ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ! እኔ ቁስለኛ ሳክም እሷ የቁስለኛውን ጫማ ይዛ ትጠፋለች።

የዋሻውን ወታደር ደግሞ አነሳችብኝ። ማርከነው እግሬ ላይ ወድቆ ሲለምን "ይከተለን" እና "ይቅር" የሚል ምርጫ መጣ። ምሬው "ይቅር"ን ነካሁ። ለካስ እዚያው ዋሻ ውስጥ ይቅር ማለት ነው! ጥለነው ሄድን። ሳምንት አዘንኩ፣ ሳምንት ሳቀችብኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 9

ሐኪሙን ለብቻዋ አናግራዋለች። ያቺን "ግን" ሰምታ መጣች። ስኳሬ ጫፍ ላይ ነው... አንድ ኩላሊት ብቻ ከቀረኝ ኩላሊቷ ደክሞ እንደሞተችው እናታችን ልሆን እችላለሁ። "ልትሆን ትችላለች" እንጂ "ትሆናለች" አላለም እኮ! ተከራከርኩ፣ ለመንኩ። አንቺ ሌባ አይደለሽ፣ ውሰጂው እንጂ አልኳት። መጫወቻውን አስቀመጠች።

"እታለም፣ ይቅር።"

"ምን በድለሽኝ ነው ይቅር የምልሽ?"

"ያኛው አይደለም። የዋሻው።"

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 10

ምንም አልሰፋሁም።

እሑድ፣ ኅዳር 6

ሌላ የሚሰጥ ሰው አልተገኘም። የኩላሊት እጥበቱም እያደከማት ነው... ዛሬ ተቀያየሩ ሲለን ነው መሰል፣ እሷ ፈዋሽ ልሁን አለች፣ እኔ ሌባ ሆንኩ። የአንዲት አሮጊት ሣጥን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ እሷ በሳቅ ሞተች። ወንበዴዎች ሲያቆስሉኝ የቀራትን አንድ ብልቃጥ መድኃኒት ለእኔ አፈሰሰችው።

"ለካ ይሄን ደስታ ነው ብቻሽን ስትበዪ የኖርሽው?" አለችኝ።



ልደቷ ጥር ላይ ነው። በመጪው ቅዳሜ ይሁንልኝ አለች። ለምን ቸኮልሽ አላልኳትም... እኔ፣ አፌ የማያርፈው። ቀሚሷን ጀምሬዋለሁ፣ ኪስ በኪስ ነው፣ ለሌባ እንዲመች። ቅዳሜ፣ ኅዳር 12፣ ከሰዓት በኋላ ቆራጩም፣ ጎረቤቱም፣ ያ "ግን" ባይ ሐኪምም ይምጣ። የቀረ ሰው ካለ፣ ይቅር አልለውም።