ሌኑን ማን ነካው?

ማክሰኞ

ዘይቱን ነክተውታል። ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም።

እስካለፈው ሳምንት ኳሴ የምላትን ትሰማ ነበር። በቀኝ ጠርዝ ሄዳ ሄዳ፣ ፒኖቹ ጋ ልትደርስ ስትል ወደ ግራ እጥፍ ትልና አስሩንም ትዘርራቸዋለች። ዛሬ፣ የሆቴሉ የቦውሊንግ ውድድር በተጀመረበት ቀን፣ ቀጥ ብላ ሄደች። እንደ ባንክ ቤት ዘበኛ ቀጥ! ከጥግ ሁለት ፒን ነካ አድርጋ ጠፋች።

መምህርት ሠናይት ማታ ክፍል ስንጨርስ «በየቀኑ ጻፉ፣ አለዚያ እጃችሁ ይረሳል» ብላናለች። ስለዚህ ለማያውቅ ሰው አስረድቼ ልጻፍ። የቦውሊንግ ሌን ማለት ኳስ የሚንከባለልበት ረጅም ወለል ነው፤ ጫፉ ላይ ፒን የሚባሉ አስር እንጨቶች ይቆማሉ። መነሻው ላይ ዘይት ይቀባል፣ መጨረሻው ደረቅ ነው። ዘይቱ በዓይን አይታይም። ኳስ ዘይቱ ላይ ትንሸራተታለች፤ ደረቁ ላይ ስትደርስ ወለሉን ትይዝና ትታጠፋለች። እንግዲህ ዘይቱ የት ጋ እንደሚያልቅ ማወቅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ውርወራዎች አውቀህ እግርህን ካላስተካከልክ፣ በኋላ ብታውቀው ለወሬ ነው የሚሆንህ። እኔ ይህን ያወቅኩት «ሀ» ከ«ሐ» እንደሚለይ ሳላውቅ ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ እንደ እኔ እንደ ካንኮ ሌን የሚያነብ ሰው የለም። እስካሁን ይህን የሚለው ካንኮ ብቻ ቢሆንም እውነት ነው።

ለዋንጫው ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። የሆቴሉ ባለቤት እትዬ ወርቅነሽ ያሸነፈውን የቦውሊንግ አዳራሹ አሰልጣኝ አድርጌ በቋሚነት እቀጥራለሁ ብለዋል። ማንበብና መጻፍ የሚችል መሆን አለበትም ብለዋል። ማታ ትምህርት የገባሁት ለዚሁ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሙዝ ከማሳ ተሸክሜ አይሱዙ ላይ ስጭን ኖርኩ። ቦውሊንጉንም ያወቅኩት እዚህ ሆቴል ሙዝ ሳደርስ ነው። ዘንድሮ ግን ወገቤ በቃኝ ብሏል። ለባለቤቴ ለአስቴር አልነገርኳትም፤ ጠዋት ጠዋት ጫማዬን ለማሰር ሳጎነብስ የማወጣውን ድምፅ መዝሙር እያስመሰልኩት ነው።

ዛሬ ያሸነፍኩት በዕጣ የደረሰኝ ሰው ፋርማሲስት ስለሆነ ነው። ኳሷን እንደ ብልቃጥ ነው የሚይዛት። ጌትነት ግን ከዳር ቆሞ ሲያጨበጭብልኝ ዋለ። ጌትነት የላይኛው ሰፈር የሴቻ ልጅ፣ የቢሮ ሠራተኛ፣ የራሱ ጓንት ያለው ነው። ሥራውንም የሚፈልገው ለጉራ እንጂ ወገቡን ሙዝ አልነካውም። እሱ ሲያጨበጭብልህ ኪስህን ፈትሽ።

ረቡዕ

ግጥሚያ የለኝም። ስመረምር ዋልኩ።

ሌኑን የሚቀቡት ጋሽ ደምሴ ናቸው። ትንሽ ማሽን አላቸው፤ እሷን እየገፉ ይቀባሉ። ሴቻ ነው የሚኖሩት። ጌትነትም ሴቻ። እኔ ከታች ሲቀላ። ይሄ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ ከረዳቱ የሰማሁት ግን ሌላ ነው፤ ጋሽ ደምሴ የጌትነት የክርስትና አባት ናቸው። የክርስትና አባት! እኛ ጴንጤዎቹ እንኳ ይሄ ምን ያህል እንደሚያስተሳስር እናውቃለን።

ሙዝ ያደረስኩ መስዬ ወደ አዳራሹ ገባሁ። ጋሽ ደምሴና ጌትነት ሻይ ይጠጣሉ። ጋሽ ደምሴ ሲያማስሉ ቆዩና ማንኪያውን ወደ ሁለተኛው ሌን ቀሰሩት። ምልክት ነው። ወይ ዝንብ እያባረሩ ነበር።

ጌትነት አየኝና «ካንኮ! የቦውሊንግ ኳስ ሙዝ አይደለም፣ አይላጥም!» አለኝ።

«ሙዝ ቢሆንማ አንተ መቼ ትሸከመዋለህ!» አልኩት። አስተናጋጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ዓይኔ ግን ማንኪያው ላይ ነበር።

ማታ ለአስቴር አንድ በአንድ ነገርኳት። «አንተ ሰው፣» አለችኝ፣ «ባለፈው ዝንጀሮ ሙዙን ሲበላብህ ጎረቤት ልኮት ነው ብለህ አልነበር?»

እሱን ገና አላጣራሁትም።

የአስቴር እናት ለመስቀል ከዶርዜ እንደወረዱ አልተመለሱም። በበዓሉ ወግ የሁሉንም አናት ቅቤ ቀብተው ጨርሰዋል፣ ትራሱ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይላል። ሚኒባሱም፣ ገበያውም፣ ቸርቹም ሰሞኑን እንደዚያው ነው። አማቴ የኔን አናት እያዩ ነው። እኔ ግን ተወዳዳሪ ነኝ ብዬ አመለጥኩ።

ሐሙስ

ዛሬ የምጽፈው ግማሹ ንዴት፣ ግማሹ እፍረት ነው።

የደረሰኝ ታሪኩ ነው፣ የሲቀላ ባጃጅ ነጂ፣ ጓደኛዬ። ተኝቼ የማሸንፈው ልጅ ነው። ኳሴ ግን አሁንም አልታጠፍም አለች። የዘይት ብዛት ነው ብዬ ወደ ቀኝ ተጠጋሁ። እምቢ። ቀስ አድርጌ ወረወርኩ። እምቢ። የታሪኩ ኳስ በዚያው ሌን ላይ እንደ ባጃጁ ስትታጠፍ እያየሁ የኔ ብቻ ቀጥ! ያኔ ደሜ ፈላ። በአንድ ሌን ላይ ሰው መርጦ የሚያንሸራትት ዘይት የት አለ ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም።

«ደምሴ!» አልኩ። «ጋሽ» የለ፣ «እርስዎ» የለ። «ለክርስትና ልጅህ ነው አይደል የቀባኸው?»

አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው በሌኑ ዳር ዳር ሄዱና፣ መጨረሻው ላይ ነጭ ሶፍት አሻሽተው መጡ። ለሁሉም አሳዩ። ደረቅ ነው። ከዚያ ኳሴን አነሱ፣ በመዳፋቸው አገላበጧት፣ ወደ አፍንጫቸው ጠጋ አደረጓት።

«ልጄ፣ እኔ የምቀባው ዘይት ሽታ የለውም» አሉ። ከትከሻዬ ላይ ኳስ የምወለውልበትን ጨርቅ ሳብ አድርገው አሸተቱ። «ይሄ ለጋ ቅቤ ነው።»

ጌትነት ከኋላ፣ «ካንኮ፣ ኳሷን ልትድራት ነው እንዴ?» አለ። ሙሽራ ናት የምትቀባው ማለቱ ነው። ታሪኩ እንኳ፣ የገዛ ጓደኛዬ፣ እልል አለ።

ኳሷን በሳሙና አጥቤ፣ በሶፍት አድርቄ ወረወርኩ። እጥፍ! አስሩም! ከዚያ በኋላ ማንም አላቆመኝም፤ ታሪኩን በመጨረሻዋ ውርወራ ቀደምኩት። ፍጻሜ ገባሁ። ደስ ይበለኝ?

ቤት እስክገባ ግን አንድ ሰው ጨርቄን ቅቤ ነክሮብኛል ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። አማቴን ጠረጠርኩ። አናቴን ስለከለከልኳቸው ተበቀሉኝ አልኩ። ጨርቁን አስቴር ፊት ዘረጋሁና «ይሄን ማን ነካው?» አልኩ፣ እንደ ፖሊስ።

«ሻሼ!» አለች። «አንተ ነህ እንዴ የወሰድከው? ቅቤ ተቀብቼ የማስርበትን ሻሽ እኔ ቤቱን ገልብጬ ስፈልግ!»

ድሮ ኳሴን በሱሪዬ ነበር የምጠርገው። ለውድድሩ እንደ ባለሙያ ልታይ ብዬ ማክሰኞ ጠዋት ከልብስ ገመዱ ላይ ነጭ ጨርቅ ሳብ አድርጌ ወጣሁ። ሌባው ተይዟል። እኔ ነኝ።

ዓርብ

እንቅልፍ የለም። ጋሽ ደምሴን በአደባባይ ሌባ ብያለሁ። ነገ ደግሞ የፍጻሜውን ሌን የሚቀቡት እሳቸው ናቸው። ከዚህ በፊት ምክንያት ባይኖራቸው፣ አሁን ምክንያቱን ራሴ ጠቅልዬ ሰጥቻቸዋለሁ።

አማቴ ሁሉን ሰምተዋል። «እርጥብ ሳር ይዘህ ሂድ» አሉኝ። በእኛ በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከቆመ ጠበኛም ይቆማል። «እኔ ሽማግሌ አይደለሁም» ብላቸው፣ «ጥፋትህ ግን የትልቅ ሰው ነው» አሉ። ከዚህች ሴትዮ ጋር ቃል አልመላለስም።

ሳር ከቤት መያዝ ረሳሁና ከሆቴሉ ግቢ ቆረጥኩ። ዘበኛው «አትንቀል!» ብሎ ሊይዘኝ ሲሮጥ፣ እኔ እየሮጥኩ አዳራሹ ገባሁ። ለእርቅ የመጣ ሰው እንዲህ አይገባም። ጋሽ ደምሴ ፊት ተንበረከኩ፣ ወገቤም እዚያው ያዘኝ።

«ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ሳሩን ተቀበሉኝ። ክንዴን ይዘው አነሱኝና «ነገ አርፍደህ እንዳትመጣ» አሉ። ሌላ ምንም። ይቅር ብያለሁ አላሉም፣ አላልኩምም አላሉም። መንገዱን ሙሉ ስፈታው መጣሁ። አልተፈታም።

ቅዳሜ

ጠዋት ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች አዳራሹን ይዘው ቆዩ። እትዬ ወርቅነሽ እንግዳ አያስነሱም። ሲወጡ የፍጻሜው ሰዓት ደርሶ ሰው ሞልቷል፤ ሌኑን እንደገና ለመቀባትም፣ ለመለማመድም ጊዜ የለም።

ጋሽ ደምሴ ጌትነትንና እኔን ጠርተው አጠገብ ለአጠገብ አቆሙን። «ለሁለታችሁም እኩል ነው የምናገረው» አሉ። «እንግዶቹ ሲወረውሩበት ዘይቱ አልቋል። ኳስ ቶሎ ይታጠፋል። ወደ ግራ ቁሙ።»

ጌትነት ፈገግ ብሎ ጓንቱን አጠበቀ። እኔ ደግሞ ከራሴ ጋር ሙግት ያዝኩ። የሰደብኳቸው ሰው ናቸው። የጌትነት የክርስትና አባት ናቸው። እውነት ቢሆን ለኔ ለምን ይነግሩኛል? ፈገግታውስ? ተጠቃቅሰው ከሆነስ? ወደ ግራ ስሄድላቸው ቢስቁብኝስ?

አንዷን ውርወራ ለጥርጣሬዬ ሰጠኋት። ከድሮ ቦታዬ ላክኋት። መንገዷን ሳታጋምስ ታጠፈችና በግራ በኩል አለፈች፤ በቀኝ ያሉት ፒኖች ቆመው አዩኝ። እውነት ነው! ሰውዬው እውነቱን ነው የነገሩኝ! በሁለተኛዋ ጥቂት ወደ ግራ ሄድኩ፣ ተሻለ። በሦስተኛው ዙር ሳልሳሳ ወደ ግራ ሄድኩ፣ አስሩም ወደቁ።

ጌትነት ግን ከለመደበት ቦታ ንቅንቅ አላለም። ሐሙስ ከዚያ ቆሞ ነው ያሸነፈው። ኳሱ ባፈነገጠ ቁጥር ጓንቱን ያያል። ጨዋታው ከተጋመሰ በኋላ ወደ ግራ ሄደ፤ ያኔ አስሩን በአስር ላይ ይደራርብ ጀመር፣ እየደረሰብኝም መጣ። መጨረሻ ላይ ለማሸነፍ አንድ ፒን ቀረኝ። ኳሴ ነካ አደረገቻት። ዞረች፣ ተወዛወዘች፣ እንደ ሰካራም አሰበች፣ ወደቀች።

አሸነፍኩ! ካንኮ አሸነፈ! አስቴር ሰው እየገፈተረች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ጌትነት መጥቶ ጨበጠኝ። «ነግረውኝ ነበርኮ» አለ፣ ቀስ ብሎ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጠረጥረው አየሁት።

እትዬ ወርቅነሽ ሥራው ያንተ ነው አሉ፣ በሰው ሁሉ ፊት። ወገቤ መስማት አለመስማቱን እንጃ፤ እኔ ግን ሰምቻለሁ። ቀጥለው «የቅርብ አለቃህ ጋሽ ደምሴ ናቸው፣ የሚያዙህን ሁሉ ትሠራለህ» አሉ።

አለቃዬ! ይህን ቀድሜ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ሐሙስ ዕለት አፌን በዚያ ሻሽ እኔው ራሴ አስረው ነበር።

ጋሽ ደምሴ እጄን ጨበጡኝ፣ ቶሎም አልለቀቁኝም። «ሰኞ በጠዋት ና። መጀመሪያ ሌን መቀባት ነው የምትማረው» አሉና ሳቁ። እሳቸው ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

አስቴር «ይቅር ብለውሃል፣ የደስታ ሳቅ ነው» ትላለች። ሊሆን ይችላል። ሰኞ ሩቅ አይደለም።